«ፋይቭ ይር» ለምን እንላለን?

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ የሥራ ማመልከቻ ጽፋ «እስቲ እይልኝ» ብላ አመጣችልኝ። ሁለተኛው መስመር ላይ የሥራ ልምዷን «ፋይቭ ይር» ብላ ጽፋለች። መጨረሻ ላይ «ኤስ» የለችም። ስነግራት «እንዴ ጋሼ! አምስት ካልኩ እኮ ብዙ መሆኑ ታወቀ» አለችኝ።

በአማርኛ ከሆነ እውነቷን ነው። ዳቦ ቤት ገብቶ «አሥር ዳቦዎች ስጠኝ» የሚል ሰው አይቼ አላውቅም፤ ቁጥሩ ከተጠራ ስሙን ማብዛት ግድ አይለንም። እንግሊዝኛ ግን ቁጥሩ ተጠርቶም «ኤስ»ን ይፈልጋል። ልጅቷ ሰንፋ አይደለም የተሳሳተችው፣ የእናቷን ቋንቋ ሕግ ይዛ ሄዳ ነው። ይህን ክፍል ውስጥ የነገራት የለም፤ «ስህተት» ተብሎ በቀይ ተሰርዞ ብቻ ነው የሚመለስላት።

ከእንግሊዝኛ ስም በፊት የሚገቡት «ኤ» እና «አን»ም እንደዚያው። «በአናባቢ ፊደል ከጀመረ አን» ተብለን ስላደግን ብዙዎቻችን «አን ዩኒቨርሲቲ» እንላለን። የሚታየው ግን ድምፁ ነው። እስቲ ቃሉን በራሳችን ፊደል ጻፉት፦ በ«ዩ» ይጀምራል፣ የ«የ» ቤት ነው፣ ስለዚህ «ኤ ዩኒቨርሲቲ»። «አወር»ን (ሰዓት) ጻፉት፦ የ«አ» ቤት ነው፣ ስለዚህ «አን አወር»። «ኤም ኤ ዲግሪ»ም በ«ኤ» ስለሚጀምር «አን» ነው። በፊደላችን እየጻፈ ይህን የሚያስተምር መምህር እኔ አላጋጠመኝም፣ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። የጨረታ ገጻችሁ ላይ «ፈርኒቸርስ» እና «ኢኩዊፕመንትስ» ደጋግሜ አነባለሁ። በአማርኛ ዕቃዎች፣ መሣሪያዎች ስለምንል ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ሁለቱም አይበዙም፣ «ኢንፎርሜሽን» እና «አድቫይስ»ም እንደዚሁ። (በአማርኛችንም «ካህናቶች» እያልን የበዛውን ደግመን እናበዛለን፣ «ቺልድረንስ» እንደማለት ነው።) ማስታወቂያውን የጻፈው ሌላ መሥሪያ ቤት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ልጆች ጋዜጣ ላይ የታተመን ነገር ትክክል ነው ብለው ይይዛሉ። ከመታተሙ በፊት ለባለቤቱ ደውሎ «ይህቺን ላስተካክላት?» ማለት ይቻላል።

ትናንት ልጅቷ ደወለችልኝ። «ታዲያ ፋይቭ ይር ፕላን ለምን ይባላል?» አለች። እዚያ «ይር» ፕላኑን ስለሚገልጽ «ኤስ» አይገባበትም አልኳት። እሷ እኔን ጠየቀች፣ ሌሎቹ ማንን ይጠይቁ? በሳምንት አንዴ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ትንሽ ቦታ ስጡን።

አንባቢያችሁ