የሥነ ልቦና ሕክምና በጤና ጣቢያ ክፍልና ሰዓት እንዲኖረው፤ ለጤና ሚኒስቴር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ ወዲህ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር የወደሙ ጤና ተቋማትን መልሶ ለማቋቋም ብዙ ተደክሟል። በአእምሮ ጤና ሙያ ሳገለግል የማየው ታካሚ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሥነ ልቦና ጉዳት ደርሶብኛል ብሎ አይመጣም፤ ራሱን እንደሚፈልጠው፣ ልቡ እንደሚመታበት፣ እንቅልፍ እንደራቀው ይናገራል፤ በምርመራ ምንም ሳይገኝ ሲቀር የሕመም ማስታገሻ ወይም የእንቅልፍ ኪኒን ይዞ ይሸኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዲያዜፓምና መሰሎቹ የማረጋጊያና የእንቅልፍ መድኃኒቶች አስደንጋጭ አደጋ ከደረሰ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ለሚታይ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት እንዳይሰጡ የመከረ ሲሆን፣ ጉዳቱ ሥር ለሰደደባቸው ደግሞ በደረሰው አደጋ ላይ ያተኮረ የሥነ ልቦና ሕክምናን ከፀረ ድባቴ መድኃኒት አስቀድሟል።

ይህን ሕክምና ለመስጠት የግድ ስፔሻሊስት አያስፈልግም። በኡጋንዳ ናኪቫሌ የስደተኞች ሰፈር ከራሳቸው ከሩዋንዳና ከሶማሊያ ስደተኞች መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች የሕይወት ታሪክን በመተረክ የሚሰጠውን ሕክምና አካሂደው የተጎጂዎቹ ሕመም መቀነሱ በጥናት ታይቷል። በዚህ ሕክምና ታካሚው የሕይወቱ ምሳሌ ሆኖ በተዘረጋ ገመድ ላይ ለደጉ ቀን አበባ፣ ለክፉው ድንጋይ እያኖረ ከልደቱ ጀምሮ ያለፈበትን በቅደም ተከተል ይተርካል፤ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ አድማጩ አያጣድፈውም፣ አያዘልለውምም።

የእኛ ችግር ከሥልጠናው በኋላ ይጀምራል። የጥቂት ቀናት ሥልጠና ወስደው የምስክር ወረቀት ይዘው የሚመለሱ ነርሶች በማግስቱ ወደ ተመላላሽ ታካሚዎች ወረፋ ይገባሉ፤ አንድን ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ማድመጥም ሥራ እንደመፍታት ይቆጠርባቸዋል። የተደፈረች ሴት የደረሰባትን እንድትናገር የምትጠየቀው በመጋረጃ በተከፈለ ክፍል ሲሆን፣ ከመጋረጃው ወዲያ ልጅ የሚያስከትቡ ጎረቤቶቿ ተሰልፈዋል። በእኔ እምነት እንዲህ ከመጠየቅ ጨርሶ አለመጠየቅ ይሻላል።

ስለዚህ ሚኒስቴሩ ከክልል ጤና ቢሮዎች ጋር በመሆን፣ ጦርነት ባለፈባቸው ወረዳዎች ቢያንስ በአንድ ጤና ጣቢያ በሩ የሚዘጋ ክፍልና በየሳምንቱ የተወሰኑ የቀጠሮ ሰዓቶች እንዲመደቡ፣ ይህም ሰዓት በወርሃዊ ሪፖርት እንደ ሕክምና አገልግሎት እንዲቆጠር እጠይቃለሁ። ሠልጣኞቹንም ከአማኑኤል ሆስፒታልም ሆነ ከጎንደርና ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲዎች ልምድ ያለው ባለሙያ በስልክም ቢሆን በየሳምንቱ ሊከታተላቸው ይገባል፤ ከባልደረቦቼ መካከል የሰሙትን ተሸክመው ቤታቸው ገብተው መተኛት ያቃታቸው አሉና።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የአእምሮ ጤና ባለሙያ