እማዬ፣ ስለ አባዬ ሙት ዓመት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው ስንደዋወል «ለሙት ዓመቱ የሕይወት ታሪኩ ድጋሚ ይነበብ ወይ?» ብለሽኝ ነበር። በስልክ እንዳልመልስልሽ መስመሩ ይቆራረጣል፣ አንቺም ታለቅሻለሽ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

ይነበብ። ግን እንዳለ አይነበብ። የቀብሩ ዕለት የተነበበውን በቪዲዮ አይቼዋለሁ። ተወለደ፣ አገባ፣ በሹፌርነት ሠራ፣ ደግና ቸር ነበር። ሐሰት የለበትም። ግን ለቅሶ ቤት ደግ ያልተባለ ሟች አለ እንዴ?

እኔ ብሆን ከጭነት መኪናው፣ ከኤንትሬዋ ነበር የምጀምረው። ከአሰብ ስትመለስ ሰኞ ባቲ ላይ ከደረሰች በገበያተኛ ጋቢናዋ ጢም ይላል። ዶሮ ያቀፈች እናት፣ የታመመ ልጅ የያዘ አባት። ሳንቲም አይቀበልም። ረዳቱን የሚያቃጥለው ግን ዳጉው ነበር። አባዬ በረሃ ላይ አፋሮች ካገኘ ሞተር አጥፍቶ ይወርዳል። ቁጭ ብሎ ወሬ ይቀያየራል፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ታመመ፣ የማን ግመል ጠፋች። ረዳቱ «ጋሼ፣ መሸብን እኮ!» ሲለው፣ «ዳጉ ተጀምሮ አይቋረጥም» ነው መልሱ። በ1990 ጦርነቱ መጥቶ መንገዱ ወደ ጅቡቲ ሲዞርም እሱ «አሰብ ልወርድ ነው» ማለቱን አልተወም።

እኔም ያው እዚህ አሜሪካ የሱን ሥራ ይዣለሁ። ኩባንያው ግን ሰው አታሳፍር ይላል። ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ነው የምነዳው። አባዬ ቢያየኝ «ይሄ ደግሞ ምኑ ሹፌርነት ነው!» ይለኝ ነበር።

በ77ቱ ድርቅ ከአሰብ የእርዳታ እህል መጫኑን አንቺ ነሽ የነገርሽኝ። ባቲ መጠለያው ጋ ስንቁን አከፋፍሎ፣ ቤት ገብቶ እህል አልቀምስም ብሎ ማደሩንም። እሱ ስለዚያ ጊዜ ትንፍሽ አይልም ነበር። ስለዚህ ይሄኛው አይነበብ።

እንዲነበብ የምፈልገው የቤታችን ነገር ነው። መኪና የተበላሸበት ሹፌር፣ ማደሪያ ያጣ ተማሪ፣ ስሙን እንኳ ያልጠየቀው መንገደኛ፣ ሁሉንም ይዞ ከች ይላል። «ግቡ፣ ቤት ያፈራውን እንቀምሳለን!» ቤት ያፈራው የሚባለው ግን ከአንቺ እጅ ነበር የሚወጣው። እንጀራ ከጎረቤት ትበደሪያለሽ፣ ሽሮውን ታቀጥኛለሽ። ትሪው ዙሪያ ሰው ሲበዛ አባዬ ሁለቴ ጎርሶ እጁን ይሰበስባል። «ሚሌ በልቻለሁ፣ እናንተ ብሉ።» ሚሌ የት፣ ኮምቦልቻ የት! አንቺም ታውቂበታለሽ፤ የሱን ድርሻ በትንሿ ድስት ከምድጃው ጀርባ ደብቀሻል። እንግዶቹ ሲተኙ ጓዳ ገብቶ ቆሞ ይበላል። አንቺ ፋኖሱን ይዘሽ «ለመሆኑ ሚሌ ምን ነበር የበላኸው?» ትይዋለሽ። በጎረሰ አፉ ሲስቅ ትን ይለው ነበር።

የአንቺን ድርሻ ግን ማን ደበቀልሽ? ስትበዪ አይቼሽ አላውቅም።

አባዬን ማሳነሴ አይደለም። እጁ የተፈታ ሰው ነበር፣ ማንም አይክደውም። ግን ደግነቱ ጓዳው ውስጥ ደጋፊ ነበረው፤ ያንን ለቀስተኛው አልሰማም። ስለዚህ «ደግ ነበር» የሚለው ቦታ ላይ ስምሽ ይግባ። «ምነው ልጄ፣ የሞተው እሱ፣ የምመሰገነው እኔ?» እንደምትይ አውቃለሁ። በይ። እኔ ጽሑፉን አስተካክዬ ለእድሩ ጸሐፊ እልካለሁ።

ለድግሱ ብሩን በባንክ ልኬልሻለሁ። እንደ ወትሮው ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን በጉ ለብቻው ይታረድ፣ አራጁም ከነሱ ይሁን። ድስቱ እንዳይቀላቀል ለእህቴ ንገሪያት። ተበድረሽ እንዳትደግሺ፤ እሱ ሰው ሲበላ ደስ ይለው ነበር እንጂ ዕዳ አይወድም። የግፊት ክኒንሽንም በግርግሩ እንዳትረሺ።

ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰላም በይልኝ። ረዳቱ ከመጣ ስልኬን ስጪልኝ። የዳጉውን ነገር ከሱ አፍ ልሰማው እፈልጋለሁ።

ልጅሽ