ለብሎካችን ነዋሪዎች፦ የእሑዱ የሕገ መንግሥት ንባብ

ሰላም ለሁላችሁም። የፊታችን እሑድ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ጀምሮ ኮሙናሉ ውስጥ የሕገ መንግሥቱን ምዕራፍ ሦስት አብረን እናነባለን። ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ስለሆነ በአንድ ጠዋት አያልቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ ስለተያዙ ሰዎች መብት ለሚናገረው አንቀጽ 19 እንሰጣለን።

ሰው ሲያዝ ቤተሰብ የሚሮጠው አማላጅ ፍለጋ ነው፤ ሰዓት የሚቆጥር የለም። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ከዚህ ውጭ የሚሆነው ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚፈጀው ጊዜ ብቻ ነው፤ አንቀጹ ቅዳሜና እሑድን አይቀንስም። ስለዚህ የተያዘበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ እዚያው ጻፉ። ካልቀረበ በንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት የአካል ነፃነቱ እንዲከበር ፍርድ ቤት ይጠየቃል፤ ያኔ ያቺ ብጣሽ ወረቀት ታስፈልጋለች።

ሌላው የተለመደ ስህተት «ሕገ መንግሥቱ ተጥሷል» ብሎ በቀጥታ ፌዴሬሽን ምክር ቤት መሄድ ነው። አቤቱታው መጀመሪያ የሚቀርበው ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው፤ ያውም ይግባኝ የማይባልበት የመጨረሻ ውሳኔ ተይዞ። አጣሪው «የሕገ መንግሥት ትርጉም አያስፈልገውም» ካለ ነው በይግባኝ ወደ ምክር ቤቱ የሚኬደው።

የአማርኛውን ቅጂና እርሳስ ያዙ፤ በአንቀጽ 106 የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው አማርኛው ነው። የፓርቲ ክርክር ለቡናው ሰዓት ይቆየን።

የምትመጡ እስከ ዓርብ ማታ «እመጣለሁ» በሉ፤ ኮፒ የምትፈልጉም ስንት እንደሆነ አብራችሁ ጻፉልን።