ኪኒኑ ነርቭ አያድንም፤ እርማት አውጡ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ሳምንት አንዳንድ የካንሰር መድኃኒት ነርቭ እየጎዳ እጅና እግር ስለማደንዘዙ ያወጣችሁትን አነበብኩ። «የቢ ቫይታሚን ኪኒን መደንዘዙን ይከላከላል» የምትለዋን መስመር ማለፍ ግን አቃተኝ። ከየት አመጣችኋት?

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ለጡት ካንሰር ፓክሊታክሴል የሚባል መድኃኒት ወስጃለሁ። ያንኑ ኪኒንም ከመጀመሪያው ጀምሬ ውጫለሁ። ጣቶቼ ግን ደነዘዙ። ጥጥ ስፈትል ክሩ ጣቴ ላይ መኖሩን የማውቀው በዓይኔ አይቼ ነው። እንጀራ ስጋግር ምጣዱ እንዳቃጠለኝ የነገረኝ ሽታው ነው። የቀሚሴን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ ልጄ ናት።

የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ይህን ጉዳት ለመከላከል የሚመክረው አንድም መድኃኒት የለም። ቢ ቫይታሚንንም አትስጡ ካላቸው ውስጥ ቆጥሮታል። ቢ12 የሚባለው የቢ ቫይታሚን ዓይነት የጎደለበት ሰው መውሰዱ ሌላ ጉዳይ ነው። ቢ6 ግን ሲበዛ ራሱ ነርቭ ይጎዳል! ይህን ሳታጣሩ ነው እንዴ ለበሽተኛ ምክር የምትሰጡት?

እስካሁን የሚሻለው መንገድ መደንዘዙ ገና ሲጀምር መናገር ነው። ሐኪሙ የካንሰር መድኃኒቱን መጠን ይቀንሳል፣ ቀኑን ያራዝማል፣ ካስፈለገም ያቆመዋል። እኔ ተናግሬ ነበር። «የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፣ ቻይው» ተባልኩ። ቻልኩት። ይኸው እጄ።

ደግሞስ የእኛ አገር ሰው የት ገባ? ከሞጣና ከቢቸና ተነስቶ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ታክሞ የሚመለስ ስንት ሰው አለ? በሁለት ቀጠሮ መሃል እጅህ እንዴት ነው የሚለው የለም። እኛም ካልተጠየቅን አንናገርም። ኦክሳሊፕላቲን የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ለሚወስድማ ብርዱ ራሱ ጠላት ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካ እጁን ይወጋዋል፣ ሲጠጣ ጉሮሮው ይያዛል። በጮቄ ውርጭ ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህን መንገር ከኪኒን ማስታወቂያ አይበልጥም?

አሁን ሕክምና ላይ ያለች አንዲት ጎረቤቴ ዘገባችሁን አስነብባ ኪኒኑን ገዝታለች። እግሯ መደንዘዝ ጀምሯል። ለሐኪም ንገሪ ብላት «እትዬ፣ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ የለም እንዴ? ትንሽ ልጠብቀው» አለችኝ። ቀጠሮዋ ቅርብ ነው። እርማቱን ከዚያ በፊት አውጡልን፤ ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው በትልቁ ፊደል።

ከደብረ ማርቆስ