ግፊት በራስ ምታት አይለካም

ሊድስ፣ እንግሊዝ
ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ለአባባ፣ ለእታለምና ለመላው ቤተሰብ፤ ደሴ

እንደምን ከርማችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ገብቷል። ጠዋት አውቶብሱን ሳስነሳ ጨለማ ነው፤ ማታ ስመለስም ጨለማ ነው።

በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው ትሉ ይሆናል። እማዬ፣ በስልክ "እንዴት ነሽ?" ስልሽ "እኔ ደህና ነኝ፣ አንተ ብቻ ደህና ሁንልኝ" ትይኛለሽ። ከዚያ ኔትወርኩ ይቆረጣል። ስለዚህ ወደዚያ የሚመጣ ሰው ሳገኝ የግፊት መለኪያ ገዝቼ ላክሁ። ደብዳቤው የመለኪያው ጓደኛ ነው። እታለም፣ ቡና ሲፈላ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። እማዬ የማይጥማት ቦታ ስትደርሺ ደግሞ እንዳትዘይው፤ አውቅሻለሁ።

እማዬ፣ የግፊት ክኒንሽን ራስሽን ሲያምሽ ብቻ ትውጫለሽ አሉ። ቀለል ሲልሽ ትተዪዋለሽ። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ግፊት በራስ ምታት አይለካም። ይህን የምልሽ ከራሴ አይደለም፤ እዚህ ያለችው የቤተሰብ ሐኪማችን ደጋግማ ያስረዳችኝ ነው።

ስለ እሷ ልንገርሽ። እዚህ አገር ሰው ሁሉ በሰፈሩ ባለ አንድ ክሊኒክ ይመዘገባል። ሐኪሙን ጂፒ ይሉታል። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ሲያምሽ ተነስተሽ ሆስፒታል አትሄጂም፤ መጀመሪያ እሱ ጋ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ስልኩ ሲከፈት ሰፈሩ ሁሉ አንድ ላይ ይደውላል። ወረፋው ያንገበግባል። ገብተሽም የሚሰጡሽ 10 ደቂቃ ያህል ነው። ይሄን አላደንቅም። የምወደው ሌላውን ነው። ሐኪሜ ፋይሌን ስትከፍት የዛሬ ስንት ዓመት የተለካሁት፣ የወሰድሁት መድኃኒት፣ እናቴ ግፊት እንዳለባት ሳይቀር ከፊቷ አለ። ደግሞ ሳይታመሙም ይጠራሉ። ዕድሜው ከ40 እስከ 74 የሆነ ሰው በየ5 ዓመቱ ለምርመራ ይጋበዛል። የኔም ግፊት የተገኘው እንዲሁ ተጠርቼ ሄጄ ነው።

አላመንኋትም። ምንም አላመመኝማ! እሷም አልተከራከረችኝም፤ ክንዴ ላይ መለኪያ አስራ ወደ ቤት ላከችኝ። ቀኑን ሙሉ በየግማሽ ሰዓቱ እየተነፋ ሲጨምቀኝ ዋለ። ሌሊትም አላስተኛኝ። ውጤቱ ያው ሆነ። "ታዲያ ለምን አላመመኝም?" አልኋት። ብዙ ሰው ግፊቱ አይሰማውም አለችኝ። ተሰማው የተባለ ቀን ልብ ወይ ኩላሊት ወይ አንጎል ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ክኒኑም ግፊቱን የሚይዘው እስከተዋጠ ድረስ ነው። ደህና የሆንሽው ክኒኑ ስለሠራ ነው፤ ስታቆሚው ተመልሶ ይወጣል።

እግርሽ ሲያብጥ ጎረቤት "ኩላሊትሽን ሊጨርሰው ነው" ብላሻለች አሉ። ያንቺው ክኒን አምሎዲፒን ነው። እኔም የምውጠው እሱን ነው። ቁርጭምጭሚት ማሳበጥ የታወቀ ጠባዩ ነው፤ ኩላሊት ስለጎዳ አይደለም። ግን እግር በሌላም ምክንያት ያብጣልና ጤና ጣቢያ ሄደሽ አሳዪ። መጠኑን ይቀንሱታል፣ ወይም ይቀይሩታል። በምትኩ ኤናላፕሪል ሰጥተውሽ ደረቅ ሳል ከያዘሽም እንዲሁ ንገሪያቸው፤ ያም የዚያኛው ጠባይ ነው። አማራጭ ሞልቷል። ብቻ በራስሽ አታቁሚ።

ጾመ ነቢያት ሊገባ ነው። እስከ 9 ሰዓት ውሃ እንኳ ስለማትቀምሺ ጠዋት መዋጥ አይሆንልሽም። ይህን ለሐኪሜ ብነግራት "ታዲያ ማታ አትውጠውም?" ብላ ገላገለችኝ። አምሎዲፒን በቀን አንዴ ነው። ጠዋትም ማታም፣ ተበልቶም ሳይበላም ይዋጣል። ዋናው ሰዓቱን አለመቀያየር ነው። ከራት በኋላ አድርጊውና ለጤና ጣቢያዋ ነርስም ንገሪያት። ሌላ ክኒን ከጨመሩልሽ ግን እንደገና ጠይቂ፤ የሚያሸናው ዓይነት ከሆነ ሌሊቱን ሲያመላልስሽ ያድራል። ጸበል ስትሄጂም ክኒኑ ከቦርሳሽ አይውጣ። አቡነ ጳውሎስ እንኳ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲጠቀሙ በይፋ ተናግረው ነበር።

አሁን ወደ መለኪያው። የክንድ ነው። እጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ይረክስ ነበር፤ ግን በቀላሉ ይሳሳታል። እታለም፣ ይሄን ክፍል ሁለቴ አንብቢው። ቡና ተጠጥቶ ወዲያው አይለካም፤ ግማሽ ሰዓት ይለፈው። ሽንቷን ትሽና። ከዚያ መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ጀርባዋን አስደግፋ፣ እግሯን ሳታጣምር መሬት አስረግጣ 5 ደቂቃ ትቀመጥ። በርጩማ አይሆንም። ክንዷ ጠረጴዛ ላይ፣ በልቧ ትክክል ይሁን። በሹራብ ላይ አይታሰርም፤ ባዶ ክንድ ነው የሚፈልገው። ሲለካ ወሬ የለም። ለእማዬ ከሁሉም የሚከብዳት ይሄ ነው፤ አንቺም አታስወሪያት።

ጠዋት ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ ለኪያት፤ በመሀሉ አንድ ደቂቃ ይለፍ። ለአንድ ሳምንት እንዲህ አድርጊና ቁጥሩን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፊው። የመጀመሪያውን ቀን ተዪው፤ ሰው ገና ስላልለመደው ከፍ ይላል። የቀረው አማካይ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊቷ አልተያዘም ማለት ነው፤ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። ጤና ጣቢያ ሲለካ መስመሩ 140 በ90 ነው፤ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ ትንሽ ስለሚጨምር ነው ልዩነቱ። አንድ ቀን ብቻ ከፍ ቢል አትደናገጡ። 180 በ120 ከደረሰ ግን ጥቂት አርፋችሁ እንደገና ለኩ፤ ካልወረደ በዚያው ቀን ይታይ። ደረቷን ካመማት፣ ትንፋሽ ካጠራት ወይም ዓይኗ ከደበዘዘባት እንደገና መለካትም አያስፈልግም፤ ሂዱ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይሄ ለቤቱ ሁሉ ነው። የማንም ሰው ፊት በአንድ ጎን ድንገት ቢወርድ፣ አንድ እጁ አልነሳ ቢለው፣ ምላሱ ቢተሳሰር፣ ምች ነው ብላችሁ ዳማከሴ ፍለጋ እንዳትወጡ። ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም በሰዓታት ውስጥ ካልተደረሰበት ያመልጣል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ከዘገየ ባጃጅም ቢሆን ያዙ።

የጨውን ነገር ተወን ብትሉም አልተውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል። አንድ የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። በርበሬው ውስጥ ያለውም፣ ሽሮው ውስጥ ያለውም፣ ድስቱ ላይ የሚነሰነሰውም ተደምሮ ነው እንግዲህ። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፤ ወጡ ሲሠራ ለምን ይደገማል? ቡናውስ? እኛ ቤት ቡና በጨው እንደሚጠጣ ለሐኪሜ ስነግራት ቀልድ መስሏት ሳቀች። እውነቴን መሆኑን ስታውቅ ግን አልሳቀችም። እማዬ፣ አቦሉን እንኳ ያለ ጨው ሞክሪው። ነጭ ሽንኩርቱንና ሽፈራውን ከወደድሽ ብዪ፣ ማን ከለከለሽ! የክኒኑን ሥራ ግን አይሠሩልሽም።

አባባ፣ እርስዎንም አልረሳሁም። ለጉልበትዎ ዳይክሎፌናክ ከመድኃኒት ቤት እየገዙ በየቀኑ እንደሚውጡ፣ ሲብስም መርፌውን እንደሚወጉ ሰምቻለሁ። ያስታግሳል፤ አልክድም። ግን ጨጓራ ያቆስላል፣ ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ሲቆይም ኩላሊት ይጎዳል። ኢቡፕሮፌንም ወንድሙ ነው። እርስዎ ደግሞ ጨጓራዎ እንደ ድሮው አይደለም። መርፌ ስለሆነ የተሻለ ነው የሚባለውም ልክ አይደለም፤ በደም ውስጥ ያው መድኃኒት ነው። ሐኪሜ በዕድሜ ለገፋ ሰው መጀመሪያ የሚቀባውን ዓይነት ትመርጣለች። ፓራሲታሞልም ይቻላል፤ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ ጉበቱ ደህና ላልሆነ ወይም ለከሳ ሰው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ከመድኃኒቱ የሚበልጠው ግን ጉልበቱን ማሠራት ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠው አንዱን እግር ቀጥ አድርገው ይዘርጉት፣ ጥቂት ያቆዩት፣ ያውርዱት። ከዚያ ሌላውን። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበት ሸክሙ ይቀልለታል። ጉልበቱ ካበጠና ከጋለ ግን ስፖርቱን ትተው ይታዩ።

እታለም፣ አሁን ተራው ያንቺ ነው። ልጅሽ ባቡሽ ባሳለ ቁጥር ካለፈው የተረፈውን አሞክሳሲሊን እንደምትሰጪው እማዬ ነግራኛለች። እዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥም። ትእዛዝ ላለውም ለአዋቂ አንዱ ዓይነት 9 ፓውንድ ከ90 ያስከፍላል፤ ለልጅ ነጻ ነው። የኔው ልጅ ባለፈው ክረምት ትኩሳትና ሳል ይዞት ያን ሁሉ ወረፋ ታግሰን ገባን። ሐኪሟ ጆሮውን አየች፣ ጉሮሮውን አየች፣ ደረቱን አዳመጠች። ከዚያ "ቫይረስ ነው፤ ፈሳሽ ስጡት፣ ይረፍ፣ ትኩሳቱ ካስጨነቀው ፓራሲታሞል ስጡት" ብላ ሸኘችን። ባለቤቴ በሩ ላይ "ይሄን ለመስማት ነው የመጣነው?" ብላ ጮኸች። የአበሻ ሰው ሁሉ እዚህ የሚያማርረው ይሄንኑ ነው፤ ውሃ ጠጣ ብለው መለሱኝ ይላል። እኔ ግን ሐኪሟ ልክ ናት እላለሁ። እንደ አሞክሳሲሊን ያለ አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። ያለ ቦታው በተወሰደ ቁጥር ባክቴሪያው እየለመደው ይሄዳል፤ የእውነት የሚያስፈልግ ቀን አይሠራም።

ያቺው ሐኪም ግን መቼ ተመለሱ እንደምትል አስተውያለሁ። የሁለት ዓመት ልጅ ተኝቶ ወይም ተረጋግቶ ሳለ በአንድ ሙሉ ደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ካንቀላፋና አልነቃ ካለ ሌሊትም ቢሆን ይዘሽው ሩጪ። የባቡሽ ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው ሳንባ ነቀርሳ እንዲታይ ጠይቂ። ተቅማጥ ከያዘው ኦአርኤሱንና ዚንኩን ከጤና ኬላ አምጪ፤ ዚንኩን ተቅማጡ ቢቆምም እስከ ተባለው ቀን ጨርሺው። ለሳሉ ማር ማላስሽ ጥሩ ነው፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም፣ ለጎረቤቶችሽም ንገሪ። ኅዳር 12 ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ኅዳር ሲታጠን ብሎ ቆሻሻ ያቃጥላል። የ1911ዱን የኅዳር በሽታ ለማሰብ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልጁን ግን ቤት አስገቢና በሩን ዝጊ። ጠዋት ፀሐይ የምታሞቂው ነገር ግን ይቀጥል። እኔ እዚህ ፀሐይ ስለጠፋች ቫይታሚን ዲ በክኒን እየዋጥሁ ነው፤ ቆዳው ጥቁር ለሆነ ሰው በቀን 10 ማይክሮ ግራም ይመከራል።

የጤና መድህኑ መታወቂያ መታደሱን አጣሩ። ጊዜው ካለፈ የቤተሰቡን የሕክምና ወጪ ከኪስ ልትከፍሉ ነው። እማዬና አባባ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ የሚውጡትን ሁሉ፣ የጎረቤቱንም ጭምር፣ ከነመያዣው በፌስታል ይዘው ይሂዱ። እኛ አገር ሐኪሙ በየጊዜው ይቀያየራል፤ የሚያስታውስላችሁ ያ ደብተርና ያ ፌስታል ነው። ከተቻለ ግን ያችን አንዷን ነርስ አትልቀቋት።

እታለም፣ የመጀመሪያው ሳምንት ሲያልቅ የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። እማዬ "ደህና ነኝ" ብላ ብታስጽፍሽም እኔ የማየው ቁጥሩን ነው።

ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሱልኝ።

ናፋቂ ልጃችሁ

ይድረስ ለእታለም ብቻ፦ ሻንጣው ውስጥ ያለው ቸኮላት የልጆቹ ነው። ጋሼ ስኳር እንዳለበት እያወቀ "አንዲት ብቻ" ማለቱ አይቀርም። ለሱ ካልሲ ልኬለታለሁ፤ ላስቲኩ እግር የማያጠብቅ ነው። ማታ ማታ እግሩን አይቶ ቁስል እንደሌለ ሳያረጋግጥ እንዳይተኛ ንገሪልኝ።