ለባለ ጉትቻዎቹ ወፎች ጨፌው ይተውላቸው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰሜን አቸፈር ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የምጽፍላችሁ ግልገል ዓባይ ጣና ከሚገባበት አካባቢ፣ ረግረጉ ላይ ስለታዩ ባለ ጉትቻ ክሬን (በእንግሊዝኛ Wattled Crane) ስለሚባሉ ሦስት ትልልቅ ወፎች ነው።

መጀመሪያ ያዩዋቸው ከብት የሚጠብቁ ተማሪዎቼ ናቸው። «መምህርት፣ ሰው የሚያህል ወፍ መጥቷል» አሉኝ። ሄጄ አየኋቸው። ቁመታቸው ከአንድ ሜትር ተኩል ያልፋል። አንገታቸው ነጭ፣ ጀርባቸው አመድማ፣ ሆዳቸው ጥቁር ነው። ከአገጫቸው ሥር ግራና ቀኝ እንደ ፍየል ጉትቻ የተንጠለጠለ ነጭ ነገር አለ። እሱን ያየ ሰው ከሌላ ወፍ ጋር አያምታታቸውም።

በየበጋው ከአውሮፓ በመንጋ የሚመጡትን ግራጫ ክሬኖች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። አጨዳው ሲያልቅ ማሳው ላይ የወዳደቀ እህል ይለቅማሉ፤ ከዚያ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። እነዚህ የነሱ ዘመዶች ናቸው፤ እንግዳ ግን አይደሉም። ከአፍሪካ ውጪ የትም አይኖሩም። አብዛኞቹ ያሉት ዛምቢያና ቦትስዋና ነው። የኛዎቹ ከነዚያ ተነጥለው በኢትዮጵያ ደጋ የቀሩ ጥቂቶች ናቸው።

ከሦስቱ የአንዱ አናት ገና አልጠቆረም። ጉትቻውም አጭር ነው። የዘንድሮ ልጅ ነው ማለት ነው። ይህን ነገር አቅልላችሁ እንዳታዩብኝ። ይህ ወፍ ቢበዛ ሁለት እንቁላል ይጥላል፤ የሚያሳድገው ግን አንድ ጫጩት ብቻ ነው። አንድ ወር ያህል ይታቀፋል። ጫጩቱ እስኪበር ደግሞ ሌላ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ጎጆው መሬት ላይ ነው፤ ዙሪያውን ውኃ ካልከበበው ውሻም ጅብም ይደርስበታል።

ችግሩ ውኃው በሸሸ ቁጥር ማረሻው መከተሉ ነው። ድሮ ባሕር ሸሹ ላይ ሽምብራና ጓያ የሚዘራው ዳር ዳሩን ነበር። አሁን ፊላውና ደንገሉ እየተነቀለ መሀሉ ድረስ ይታረሳል። ታንኳ ሠሪዎችም ደንገል ራቀብን እያሉ ነው። ገበሬውን አልወቅስም። መሬት ጠቧል፤ የኔም ወንድሞች የሚያርሱት እዚያው ነው።

ረግረጉ በሙሉ ይከለል አላልኩም። ወፎቹ ጭቃውን እየቆፈሩ ሥር የሚበሉበት፣ ከብትም በበጋ የሚሰማራበት አንድ ጨፌ አለ። እሱ የወል ግጦሽ ሆኖ ይቆይ፤ ለእርሻ አይከፋፈል። እንከፋፈለው የሚል ወሬ ስለሰማሁ ነው የቸኮልኩት። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ (ተፈጥሮ ከሰው ኑሮ ጋር ተጣጥሞ የሚጠበቅበት ቦታ) ሆኖ ተመዝግቧል። ያ ምዝገባ ለዚህች ጨፌም ሊደርስላት ይገባል።

ፎቶ ልታነሱ የምትመጡም እባካችሁ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ሰሞኑን በሞተር የመጡ ወጣቶች እስኪበሩ ድረስ አሳደዷቸው። ልጁ ከወላጆቹ ተለይቶ ሲጮህ አመሸ። አንጀቴን በላው።

ወፍ የሚያጠኑ ባለሙያዎች ከባሕር ዳር ቢመጡልን መንገዱን እኔና ተማሪዎቼ እናሳያለን። በዳንግላም ሆነ በሌላ የጎጃም ረግረግ ባለ ጉትቻ ወፍ ያየ አንባቢ ካለ፣ ቀኑን፣ ቦታውንና ስንት እንደነበሩ ለጋዜጣው ይጻፍልን።

የባዮሎጂ መምህርት
ከሰሜን አቸፈር፣ ጎጃም