ለደብረ ብርሃን የ12ኛ ክፍል የጥናት ቡድን አባላት፦ ስለ ፈጣን የቃል ስሌት

ውድ አባላት፣

በብሔራዊ ፈተናው ካልኩሌተር መያዝ ስለማይፈቀድ፣ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ጥያቄዎችን ያለ እርሱ እንድንሠራ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከ45 ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ድንጋይ መሬት ለመድረስ የሚወስድበትን ጊዜ ስንፈልግ የመሬት ስበት ፍጥንጥነት የሆነውን 9.8ን ወደ 10 ብናጠጋጋ፣ የከፍታው እጥፍ 90 ለ10 ሲካፈል 9፣ የ9 ስኩዌር ሩት ደግሞ 3 ሰከንድ ይሆናል፤ አካፋዩን ስላሳደግነው ግን እውነተኛው መልስ ከ3 በጥቂቱ ይበልጣል፣ 3.03 ገደማ ነው። ምርጫዎቹ ሲቀራረቡ የሚያድነን ይህ ነውና፣ ያጠጋጋነው ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች ሁልጊዜ እናስተውል። ለፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ጥያቄዎች የ2 ሎጋሪዝም 0.3፣ የ3 ደግሞ 0.48 መሆኑን በቃል መያዝ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ብርዱ ቢከብድም ወረቀትና እርሳስ ብቻ ይዛችሁ በሰዓቱ እንድትገኙ አደራ እላለሁ።